የጎንደር ኮድ በጎንደር፦ ኢንተርኔት በሌለበት የኮድ ማኅደር ስለማቋቋም

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የዕለት ሥራቸውን የሚያኖሩበት የኮድ ማኅደር፣ በሙያው አጠራር ሪፖዚቶሪ፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በውጭ አገር ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ላይ በመሆኑ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው አብሮ መቆም ያለበት መስሎ ይታያል። ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ወረዳዎች ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ አካባቢዎች አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልተመለሰም። ከዚያ በፊትም ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከተፈጸሙት ግድያዎች በኋላ፣ እንዲሁም ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል፣ አገሪቱ ከዓለም መረብ ተለይታ ቆይታለች። እንዲህ ያለው መዘጋት በነጋዴው፣ በሐኪሙ፣ በጋዜጠኛውና ዘመዱ በሩቅ በሚኖርበት ሰው ሁሉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው፤ በማንኛውም የቴክኒክ ዘዴም አይካስም። ከጉዳቶቹ መካከል ግን አንዱ፣ ማለትም የፕሮግራም ጸሐፊዎች የጋራ ሥራ መበተኑ፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በጥቂት ሜትር ኬብልና በቅድሚያ በተደረገ ዝግጅት በአብዛኛው ሊከላከሉት የሚቻል በመሆኑ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል።

የኮድ ማኅደር የአንድ ፕሮግራም ጽሑፍ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንዲፈጽመው በፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈለት ትእዛዝ፣ ከነለውጥ ታሪኩ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። የለውጥ ታሪኩ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይልና የትኛውን መስመር፣ በምን ምክንያት እንደለወጠ የሚያሳይ ተከታታይ መዝገብ ሲሆን፣ በመዝገቡ የሰፈረ እያንዳንዱ ለውጥ ኮሚት ይባላል። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌለበት አራት ተማሪዎች አንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት በጋራ ሲሠሩ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው በፍላሽ ተቀብሎ በራሱ ሥራ ላይ ሲገለብጥበት፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚል ስም የወጣላቸው ፎልደሮች ሲበዙ፣ ሥራው በፈታኞች ፊት በሚቀርብበት ዋዜማ የትኛው ቅጂ በትክክል እንደሚሠራ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ይጠፋል።

ይህን መዝገብ ከሚይዙ መሣሪያዎች ሁሉ በዓለም ላይ የተስፋፋው ጊት የተባለው ነው። ጊትን የጻፈው ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ ለመጻፉ ምክንያት የሆነው የሊኑክስ ሠራተኞች ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ መሣሪያ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በነፃ ሰጥቶት የነበረውን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2005 ማንሣቱ ነው። በመላው ዓለም የተበተኑ እጅግ ብዙ ሰዎች የሚሠሩበት ፕሮጀክት በአንድ ድርጅት ውሳኔ ያለ መሣሪያ ሲቀር፣ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጀመሪያውን ጊት ጽፎ አወጣ። ከዚያ በፊት የተለመዱት እንደ ሰብቨርዥን ያሉ መሣሪያዎች ታሪኩን በአንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ብቻ የሚያኖሩ ስለነበሩ፣ ሠራተኛው ማዕከሉን ማግኘት ካልቻለ አዲስ ለውጥ መመዝገብ እንኳ አይችልም ነበር። ጊት ግን ማኅደሩን የወሰደ ሰው ሁሉ ሙሉውን ታሪክ ከመጀመሪያው ኮሚት ጀምሮ አብሮ እንዲወስድ ስለሚያደርግ፣ ደባርቅ የተቀመጠ ተማሪ ምንም መስመር ሳይኖረው በላፕቶፑ ላይ ለውጡን ይመዘግባል፤ የዛሬ ስድስት ወር የተጻፈውን መልሶ ያያል፤ የሙከራ ቅርንጫፍ ከፍቶ ሲሳካለት ከዋናው ጋር ያዋሕዳል። መስመር የሚያስፈልገው ከባልደረባው ጋር ለመለዋወጥ ብቻ ሲሆን፣ ያ መስመር ኬብልም፣ ገመድ አልባ ኔትወርክም፣ በኪስ የተያዘ ፍላሽም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ተማሪዎች ጊትን የሚያውቁት ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ በኩል በመሆኑ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረ፣ በ2018 በማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የተገዛ፣ የጊት ማኅደሮችን ተቀብሎ የሚያስተናግድ አገልግሎት ነው። ጊት ግን ከማንኛውም ኩባንያ ነፃ የሆነና በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ልዩነቱ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት ጊትሀብ የአሜሪካን የንግድ ማዕቀብ ለማክበር ሲል በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ የሚኖሩ ተጠቃሚዎችን የግል ማኅደር በዘጋ ጊዜ፣ ሙሉ ቅጂ በእጁ የነበረው ሥራውን ቀጠለ፤ በድረ ገጹ ብቻ የተማመነው ግን በሩ ተዘጋበት። መዘጋቱ ከውጭ ኩባንያም ይምጣ ከአገር ውስጥ ትእዛዝ፣ ኮድ ጸሐፊው ላይ የሚደርሰው ነገር አንድ ነው።

ጎንደር ጽሑፍን በብዙ ቦታ የማኖርንና በአንድ ቦታ የመሰብሰብን ውጤት በታሪኳ አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ሲሰበስቡ ብዙዎቹ የመጡት ከጎንደር አድባራት ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ስብስቡ ተዘረፈ፤ ከዚያ የተወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ዛሬም በለንደን ይገኛሉ። ከዚያ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ግን ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል በአንድ ጥራዝ ለማሰባሰብ ሲነሡ ሥራው የተሳካላቸው፣ ቅጂዎቹ በየስፍራው ተበትነው ስለቆዩላቸው ነው። ጊት የተሠራበት አስተሳሰብም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም ማኅደሩን ለሁሉም የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ቢቃጠል እንኳ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ያለው ቅጂ ማኅደሩን ከነታሪኩ መልሶ ለማቋቋም ይበቃል።

እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉ ከሆነ ሰርቨር ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ የመሣሪያውን ሳይሆን የሰዎቹን አሠራር የሚመለከት ነው። አምስት ሰዎች አምስት ሙሉ ቅጂ ካላቸው ከመካከላቸው የትኛው እንደ ዋና እንደሚቆጠር መስማማት አለባቸው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ አስተያየት የሚሰጥበት፣ የታየ ስሕተት የሚመዘገብበት፣ መምህሩ የተማሪውን የሥራ ሂደት የሚከታተልበት የጋራ ስፍራም ያስፈልጋቸዋል። በኢንተርኔት ዘመን ይህ ስፍራ ጊትሀብ ሆኖ ነበር፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ማዕዘን ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ የዋይፋይ ራውተር ከውጭ መስመር ጋር ባይገናኝም በክፍሉ ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ማገናኘቱን አይተውም። በስልኩ ላይ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ምልክት ሲያይ ራውተሩን የሚያጠፋ ሰው ገና በሥራ ላይ ያለውን የውስጥ ኔትወርክ ጭምር ያጠፋል። ለእንዲህ ያለ የውስጥ አገልግሎት የተከለሉ የአድራሻ ቁጥሮች አሉ፤ በ192.168 የሚጀምሩት በቤትና በቢሮ ራውተሮች ላይ በብዛት የሚታዩት ከእነዚሁ ናቸው። የማኅደሩ ሰርቨር ከእነዚህ አንዱ በቋሚነት ሊሰጠው ይገባል፤ አድራሻው ኮምፒውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር የሚለዋወጥ ከሆነ ተገልጋዮቹ በየጊዜው ሲፈልጉት ይኖራሉ። ከዋይፋይ ይልቅ ስዊች በተባለው ማከፋፈያ በኩል በኬብል መገናኘት የሚመረጥ ሲሆን፣ በተለይ ብዙ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

በሰርቨሩ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ምርጫ በአስተዳዳሪው ዕውቀትና በኮምፒውተሩ አቅም ይወሰናል። እጅግ ቀላሉ መንገድ ከጊት ሌላ ምንም ሳይጨምሩ በአንድ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ማኅደር መክፈትና ተገልጋዮቹ ኤስኤስኤች በተባለው የተመሰጠረ የርቀት መግቢያ በኩል እንዲደርሱበት ማድረግ ነው፤ ይህ ድረ ገጽም ዳታቤዝም አይፈልግም፤ ለጥቂት ሰዎችም ሙሉ በሙሉ ይበቃል። በመካከል የሚገኘው ጊቲ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ ክፍት ፕሮግራም ሲሆን፣ ሙሉው አገልግሎት በአንድ ፋይል ተጠቃሎ ስለሚመጣና ኤስኪውላይት በተባለው አነስተኛ ዳታቤዝ ስለሚረካ ራስፕቤሪ ፓይ በተባለችው የእጅ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሠራል፤ ከእርሱ በ2022 ተገንጥሎ የወጣው ፎርጄዮም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ከሁሉ የሚሰፋው ጊትላብ ኮዱን በራሱ የመፈተሽና የማቀናበር አገልግሎትን ጨምሮ ብዙ ነገር የያዘ ሲሆን፣ በርካታ ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል። ለጎንደር ቤተ ሙከራ ግን ጊቲ ይመረጣል፤ አቅሙ ለብዙ ተማሪዎች ይበቃል፤ ሲበላሽም አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሊተክለው ይችላል።

ፕሮግራሙን መጫን ከሥራው ሁሉ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ሥራ መስመሩ ሳይቋረጥ በፊት፣ ወይም ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሃርድ ዲስክ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ማምጣት ነው። የሊኑክስ ሙሉ መጫኛ፣ የማኅደሩ ፕሮግራም፣ ለተማሪዎቹ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚሆን የጊት መጫኛና የአጠቃቀም መመሪያው በአንድነት መምጣት አለባቸው። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር አዘጋጆቹ የሚያወጡት የማረጋገጫ አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት በሒሳብ የሚወጣ ረጅም ቁጥር፣ አብሮ ሊገለበጥ ይገባል፤ በጎንደር ላይ ከፋይሉ እንደገና የሚሰላው ቁጥር ከመጣው ጋር ካልተመሳሰለ ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል ማለት ነው። አሻራው ከፋይሉ ጋር በአንድ ፍላሽ ብቻ ከመጣ ግን ፋይሉን የለወጠ ሰው አሻራውንም ሊለውጠው ስለሚችል፣ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ ተነብቦ፣ ቢመሳከር ይሻላል።

አዲስ ጀማሪዎችን ከሁሉ የሚያሰናክለው ግን ማኅደሩ ሳይሆን ጥገኝነቱ ነው። በዛሬው ጊዜ አንድ ፕሮግራም ሌሎች ሰዎች በጻፏቸው ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ፓኬጆች፣ ላይ ተደግፎ ይሠራል፤ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ አንድ መጠነኛ ድረ ገጽ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆችን ሊጠራ ይችላል፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚያቀናብር ኮምፒውተርም የሚፈልገውን አካል ከኢንተርኔት ሲያወርድ ይታያል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍትፓድ የተባለ የአሥራ አንድ መስመር ፓኬጅ በጸሐፊው ከጋራው ማከማቻ በተነሣ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መቀናበር አቅቷቸው ነበር፤ አንድ ጥቃቅን ፓኬጅ ጠፍቶ ይህን ካደረገ፣ ማከማቻው በሙሉ ሲጠፋ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ከኮዱ ማኅደር ጎን ለጎን የፓኬጅ ማከማቻ ሊቋቋም ይገባል። የፓይተን ፓኬጆችን በአንድ ትእዛዝ ወደ ፎልደር አውርዶ ከዚያ መጫን ይቻላል፤ ለጃቫስክሪፕት ቨርዳቾ የተባለ የውስጥ ማከማቻ አለ፤ የዴቢያንና የኡቡንቱ ኮምፒውተሮችን ለማደስም አፕት ኦፍላይን የተባለው መሣሪያ በመጀመሪያ ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ያወጣል፣ ዝርዝሩ መስመር ወዳለበት ከተማ ተወስዶ ይወርዳል፣ ከዚያም ተመልሶ ይጫናል። መምህራንም ቢሆኑ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚፈቀዱትን መሣሪያዎች በቁጥር ቢወስኑና የእነዚያን ፓኬጆች ብቻ አሟልተው ቢያስቀምጡ፣ ሁሉን ነገር ለማከማቸት ከመሞከር እጅግ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ።

ከፓኬጆቹ ሌላ ማንበቢያም ያስፈልጋል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና ፕሮግራም ጸሐፊዎች ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበትን ስታክ ኦቨርፍሎን እያንዳንዳቸውን በአንድ ትልቅ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል፤ በዚያው ሰርቨር ላይ ሊኖር ይችላል። በኩባ ኢንተርኔት ውድና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ፊልሙም ጋዜጣውም ሶፍትዌሩም በየሳምንቱ በሃርድ ዲስክ ተጭኖ ከቤት ወደ ቤት ይዞር የነበረው በዚሁ አካሄድ ነው።

የሰዓት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከእርሱ ነው። ጊት እያንዳንዱን ኮሚት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉ ሴኮንዶች ቁጥር ይመዘግበዋል፤ ኮምፒውተሮች ደግሞ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በኢንተርኔት ካሉ የሰዓት ሰርቨሮች ነው። መስመር በሌለበት፣ በተለይ የሰዓት ባትሪ በሌላቸው እንደ ቀደሙት ራስፕቤሪ ፓይ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዛሬ የተጻፈው ኮድ የዛሬ ወር የተጻፈ ሆኖ ይመዘገባል፤ የምስጢር መግቢያዎችም ጊዜያቸው እንዳልደረሰ ወይም እንዳለፈ ተቆጥረው ይዘጋሉ። አስተዳዳሪው ሰዓቱን በእጁ ሲያስተካክል ደግሞ በአገራችን ቀኑ ከንጋት ስለሚቆጠር፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓትን እንዳለ አስገብቶ ስድስት ሰዓት የመሳሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። መፍትሔው አነስተኛ ዋጋ ያለው የሰዓት ባትሪ ያለበትን ኮምፒውተር መምረጥ፣ ያንን የግቢው የሰዓት ምንጭ ማድረግና ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከእርሱ እንዲወስዱ ማዘዝ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ከወሰዱ ጥቂት ደቂቃ ቢሳሳቱ እንኳ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ሌላም የሚታወቅ ችግር አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገብቷል፤ ጊትም አማርኛን በፋይል ውስጥም በኮሚት ማብራሪያም ያለ ችግር ይይዛል። ነገር ግን የፋይሉ ስም ራሱ በአማርኛ ከተጻፈ፣ ጊት ሳይነካ በመጣበት ሁኔታው እያንዳንዱን ፊደል በሦስት የቁጥር ቡድኖች ለውጦ ያሳየዋል፤ ተማሪው ፋይሉ የተበላሸበት መስሎት ይደነግጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የስሞችን ጥቅስ የሚመለከተውን አንድ ቅንብር ማጥፋት ይበቃል። የኮሚት ማብራሪያ በአማርኛ እንዲጻፍ ማበረታታትም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን በሚያስብበት ቋንቋ የጻፈ ተማሪ በተውሶ እንግሊዝኛ «አስተካክያለሁ» ብቻ ብሎ ከሚያልፈው ይልቅ ያደረገውን ያብራራል።

የመብራት መቆራረጥ በጎንደርም በደባርቅም የታወቀ ነገር ነው። ሰርቨሩ በሚጽፍበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል፣ ቢያንስ ኮምፒውተሩ በሥርዓት እስኪጠፋ ድረስ የሚያቆይ ዩፒኤስ የተባለ የመጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪው ገና ያልደከመ አሮጌ ላፕቶፕን ሰርቨር ማድረግ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ማያው ቢሰበርም ለሥራው አያስፈልግም። ራስፕቤሪ ፓይን የመሰለ ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስድ ኮምፒውተር ደግሞ በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ሊሠራ ስለሚችል፣ ከከተማ ለራቁ የደጋ ትምህርት ቤቶች ይስማማል።

ከኢንተርኔት የተለየ ሰርቨር ከአደጋ ነፃ ነው የሚለው እምነት ጎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለው ቫይረስ ከኢንተርኔት ተለይተው በነበሩ የኢራን የኒውክሌር ጣቢያ ኮምፒውተሮች ውስጥ የገባው በፍላሽ በኩል እንደሆነ ይታመናል፤ በአገራችን ቤተ ሙከራዎችም ፍላሽ ዋናው የቫይረስ ማጓጓዣ ነው። ስለዚህ ፍላሽ በቀጥታ በሰርቨሩ ላይ መሰካት የለበትም፤ በመጀመሪያ ለዚሁ በተመደበ ሌላ ኮምፒውተር ይፈተሻል። እያንዳንዱ ተገልጋይ ከይለፍ ቃል ይልቅ የራሱ የኤስኤስኤች ቁልፍ ጥንድ ሊኖረው ይገባል፤ ምስጢሩ ቁልፍ ከላፕቶፑ አይወጣም፣ ግልጹ ግን ለአስተዳዳሪው ይሰጣል። ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ሰርቨሩ የራሱን አሻራ ያሳየዋል፤ ይህ አሻራ በወረቀት ታትሞ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ተማሪው የሚገናኘው ከትክክለኛው ሰርቨር ጋር መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጣል። በጊቲ ላይ ማንም ሰው ራሱን እንዲመዘግብ የሚፈቅደው ቅንብር መዘጋት፣ ሥዕልና ሌሎች ፋይሎችን ከውጭ ለማምጣት የሚሞክርበትም እንዲሁ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ እያንዳንዱ ገጽ የማይመጣ ነገር ሲጠብቅ ይዘገያል። ለጤና ተቋማት የሚሆን ፕሮግራም በሚጻፍበት ጊዜም የሕሙማን መረጃ በኮድ ማኅደር ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ጊት ታሪክን የማይረሳ በመሆኑ በስሕተት ገብቶ የተሰረዘ ፋይል በቀደመው ኮሚት ውስጥ ይቀራል፣ ከማኅደሩም ጋር ወደ ሁሉም ላፕቶፕ ይገለበጣል።

አንድ ሰርቨር በጎንደር፣ ሌላው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ደባርቅ ከተቋቋመ፣ በመካከላቸው መስመር ባይኖርም ሁለቱን ማስማማት ይቻላል። ጊት ለዚህ በንድል የተባለ ዘዴ አለው፦ ሙሉውን ማኅደር፣ ወይም ካለፈው ልውውጥ ወዲህ የተጨመሩትን ኮሚቶች ብቻ፣ በአንድ ፋይል ይጠቀልላል። ፋይሉ በፍላሽ ተጭኖ በዳባት በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ይሄዳል፤ ደባርቅ ሲደርስ ጊት ራሱ የጎደለ ነገር እንደሌለው ይመረምራል፣ ከዚያም ከመደበኛ ሰርቨር እንደመጣ ሁሉ ተቀብሎ ያዋሕዳል። እያንዳንዱ ኮሚት ከይዘቱና ከቀደመው ኮሚት አሻራ የተሰላ አርባ ፊደልና ቁጥር ያለው የራሱ አሻራ ስላለው፣ በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ አሻራው አይገጥምም። የኮድ ጽሑፍ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሥዕልና ቪዲዮ ካልተቀላቀለበት የአንድ ክፍል ተማሪዎች የዓመት ሥራ በተራ ፍላሽ ላይ ተመችቶት ይቀመጣል። በንድል ግን ኮዱን እንጂ በድረ ገጹ ላይ የተጻፈውን ውይይትና የስሕተት መዝገብ አይወስድም፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሊተላለፍ የሚገባው ውሳኔ በኮሚት ማብራሪያው ወይም በማኅደሩ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ሊጻፍ ይገባል።

በኮዱና በድረ ገጹ ላይ በተጻፈው ውይይት መካከል ያለው ይኸው ልዩነት በመጠባበቂያ ቅጂም ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የጊትላብ ኩባንያ ሠራተኛ በስሕተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በሰረዘ ጊዜ፣ ኩባንያው ከነበሩት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አብዛኞቹ ሳይሠሩ እንደቆዩ ተገነዘበ፤ በመጨረሻ የተገኘው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የተወሰደ ቅጂ ነበር። የጊት ማኅደሮቹ አልጠፉም፤ የጠፋው በዳታቤዙ የነበረው ውይይት፣ አስተያየትና የተጠቃሚዎች መዝገብ ነው። ለጎንደር ሰርቨርም ከኮዱ ይበልጥ ዳታቤዙንና ቅንብሩን ማዳን ያስፈልጋል፤ ቅጂውም በሌላ ሕንፃ መቀመጥ፣ በየጊዜውም በባዶ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ መሞከር አለበት።

ይህን ሥራ ማን ይያዘው ለሚለው ጥያቄ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተበት ታሪክ ይጠቅማል። ተቋሙ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተከፈተው በደምቢያ ከተነሣው ብዙ ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ በኋላ ሲሆን፣ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን አሠልጥኖ፣ ትልቅ ሆስፒታል በሌለበት ወረዳ ባለው ነገር እንዲሠሩ ይልክ ነበር። ዛሬ የጤና መረጃ ሥርዓት ትምህርትም የሚሰጠው ይኸው ዩኒቨርሲቲና በደጋው ያለው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ፣ መስመር በሌለበት ሰርቨር መትከልና መጠበቅ የሚችሉ ባለሙያዎችን የማፍራት ኃላፊነት አለባቸው። አንድ ተመራቂ በጃናሞራ ወይም በበየዳ ተመድቦ ሲሠራ የሚያስፈልገው ዕውቀት ይህ ነው፤ ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ የሚያስተምር ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለዚያ ስፍራ አያዘጋጀውም። ሰርቨሩን በአንድ ጎበዝ ሰው ላይ ብቻ መጣልም አደገኛ ነው፤ ሰውዬው ሲዛወር የይለፍ ቃሉም አብሮት ስለሚሄድ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎችና በወረቀት የተጻፈ የአተካከል መመሪያ ሊኖሩ ይገባል።

ኢንተርኔት የሚመለስበት ቀንም የራሱ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በመዘጋቱ ወራት ያልታደሰ ሰርቨር የታወቁ ቀዳዳዎችን ይዞ የቆየ በመሆኑ ወዲያውኑ ለውጭ ተጠቃሚ መከፈት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ማስተካከያ ከወጣላቸው ብዙ ወራት አልፎ ሳይታደሱ የቆዩ የጊትላብ ሰርቨሮች በመላው ዓለም የተጠቁት በዚህ ምክንያት ነው። በቅድሚያ የሰርቨሩ ሰዓት ይስተካከላል፣ ከዚያም የደኅንነት ማሻሻያዎቹ ይጫናሉ። የተዘጋው ጊዜ ኮድ በውጭ ወዳለው ማኅደር የሚላከውም ከዚያ በኋላ ነው፤ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ያሉ ባልደረቦች በዚያው ወቅት በተመሳሳይ ፋይል ላይ ሠርተው ከሆነ ሁለቱ ታሪኮች የሚጋጩባቸውን መስመሮች ጊት ለይቶ ያሳያል፤ የትኛው እንደሚጸና ግን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው ይወስናሉ። የተዋሐደው ኮሚት ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ወደ ደባርቅ የሚሄደው ቀጣዩ በንድልም ከዚያ ምልክት ይጀምራል።